አክስቴ ሳትጠይቅ የማትለው ቃል

ባለፈው ጥቅምት ለቅሶ ልደርስ ቢቸና ሄጄ፣ ገና ድንኳኑ ውስጥ እግሬን ሳስገባ ሽታው ተቀበለኝ። የእድር ድንኳን ሽታ የትም ቢሆን አንድ ነው፤ ዝናብ ጠጥቶ ሳይደርቅ የታጠፈ ሸራ፣ አቧራ፣ የአይጥ ነገር፣ ትንሽ ጋዝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን በደንብ ሳብኩት። አስር ዓመት ሲሞላኝ ሞጣ ውስጥ አንድ በጋ ሙሉ ከዚህ ሽታ ጋር አንድ ጓዳ ነው የተኛሁት።

ያን ዓመት እናቴ ቢቸና መንታ አርግዛ ሐኪሙ ከአልጋ አትነሺ አላት። አባቴ እሷን ያስታምም ወይስ እኔን ይጠብቅ ግራ ቢገባው፣ በታኅሣሥ መጨረሻ አውቶቡስ ላይ ጫነኝና በግንደወይን አሻግሮ ሞጣ እህቱ ዘንድ አስረከበኝ። እህቱ አክስቴ ማንጠግቦሽ ናት። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም። ጥጥ ፈትላ ትሸጣለች፤ የሰፈሩ እድር ድንኳንም እሷ ጓዳ ይቀመጣል። አገሩ የሚያውቃት ግን በዚህ አልነበረም። የሚያውቃት በአልቃሽነቷ ነው። ከመርጡለ ማርያም ድረስ ሰው ይላክባት ነበር።

አልቃሽ ስላልኩ እንባ የምታፈስ ሴት እንዳትመስላችሁ። አክስቴ በሰው ለቅሶ ላይ እንባዋ ጠብ ሲል አላየሁም። ሥራዋ ግጥም ማውረድ ነው። ከቀብር መልስ ድንኳኑ መሀል ትቆምና ሙሾ ታወርዳለች፤ ሌላው ሰው በሷ ቃል ያለቅሳል። ከቀብሩ በፊት ደግሞ ከሟቹ ሰዎች አንዱን አስቀምጣ፣ እንዝርቷን እያሾረች ትጠይቃለች። የምትጠይቀው ማንም የማይጠብቀውን ነው። በሬውን ምን ብሎ ይጠራው ነበር? ሲቆጣ ድምፁን ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ዳቦ ሲቆረስ ለማን ነበር የሚያስቀምጠው? ሰዎቹ መጀመሪያ ግራ ይገባቸዋል፤ ኋላ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ማልቀስ ይጀምራሉ።

እኔም እንደ ገባሁ ሥራ ተሰጠኝ። ሙሾ ላይ የቅርብ ዘመድ ስሙ ሳይነሳ ከቀረ ኩርፊያው ለዓመት ነው፤ አክስቴ ደግሞ ዕድሜዋ ገፋ ብሎ ስም ይጠፋባት ጀምሯል። ስለዚህ ከኋላዋ ተቀምጬ ቀሚሷን ጎተት እያደረግኩ ስም አቀብላለሁ። «ይግዛው፤ ታናሽ ወንድሙ፤ ባለ ኮፍያው።» እሷም ይግዛውን ከነሐዘኑ ታስገባዋለች። አንድ ቀን ወንድምና አማች አሳስቼ አቀብዬ፣ አማቹ የሟቹ ወንድም ተብሎ ተለቀሰለት። ሰውየው ማስተካከሉ ነውር መስሎት ዝም አለ፤ እኔ ግን እስከ ቤት ድረስ ቁንጥጫ በላሁ።

ለሟች ስትል አክስቴ ትዋሻለች። ስስታሙን ቸር፣ ፈሪውን ደፋር አድርጋ ስታወርደው ሰምቻለሁ። «ሞቶ የለ፤ ማን ይጎዳል?» ትለኝ ነበር። አንድ ቃል ላይ ግን እንዲህ አትቀልድም። ግፍ የሚለው ቃል ላይ። ግፍ ከተባለ ግፍ የሠራ ሰው አለ ማለት ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው ድንኳን ውስጥ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል። በወጣትነቷ አንዲት ሴት ስትሞት ልጆቿ ቢለምኗት «በግፍ ሞተች» ብላ አወረደች። ሰው ሁሉ ዞሮ የእንጀራ አባታቸውን አየው። ሰውየው በሳምንቱ ከሞጣ ወጣ። ኋላ ምንም ያላደረገ ሆኖ ተገኘ፤ እሱ ግን አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ቃሉን ከማለቷ በፊት ቃሉ የሚያርፍበትን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዳ ትጠይቀዋለች። መልስ ካለው ትተወዋለች።

እኔ በበኩሌ ግፍ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለትም አልወድም፤ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ ጆሮዬን አቁሜ እሰማለሁ። «የሷ ግፍ ደረሰበት» ይላሉ። «ግፍ አትፈራም?» ይላሉ። «ግፉ በልጁ ወጣ» ይላሉ። ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት ግፍ አውሬ መሆኑን ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ግን መድረሱ የማይቀር፣ ሰው ቤት የሚገባ። ቁመቱን ከጅብ አሳንሼ ከጃርት አስበለጥኩት። የደብተሬ ጀርባ ላይም ሣልኩት፤ ጅራት ይኑረው አይኑረው እርግጠኛ ስላልሆንኩ ያን ቦታ ባዶ ተውኩት። አንድ ቀን የአማርኛ አስተማሪያችንን «ግፍ የት ነው የሚገኘው?» ብዬ ጠየቅኳት። «መዝገበ ቃላት ውስጥ ታገኚዋለሽ» አለችኝ። መልሱ በጣም ደስ አለኝ። ሥዕሉ እዚያ አለ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

መዝገበ ቃላቱ ትምህርት ቤታችን ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። ድሮ እዚያ የተማረ ሰው በስጦታ የሰጠው ነው። ወፍራም፣ ጠርዙ ቀይ፣ ሲከፈት የሚያቃስት መጽሐፍ ነው። የሚቀመጠው መጻሕፍት ቤት በምንለው ክፍል ነበር፤ የክፍሉ ቁልፍ ደግሞ ዘበኛው አያ ቢተው ዘንድ ነው። አያ ቢተው ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ሲናገር ወደ መሬት የሚያይ ሰው ነው። ሚስት የለውም። ከእናቱ ከእማማ እናኑ ጋር ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ይኖራል። እማማ እናኑ በር ላይ ቆሎ ይሸጡ ነበር፤ በጣሳ ሰፍረው፣ ከዚያ በእጃቸው ትንሽ ይጨምራሉ። እኔ ከቢቸና የመጣሁ፣ ጓደኛ የሌለኝ ልጅ ስለሆንኩ አያ ቢተው ከትምህርት በኋላ ክፍሉን ሲጠርግ እዚያ ተቀምጬ እንዳነብ ይፈቅድልኛል። «የቢቸናዋ» ነበር የሚለኝ። ስሜን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

በየካቲት አንድ ዓርብ መዝገበ ቃላቱን ነጠላዬ ሥር አድርጌ ይዤው ወጣሁ። አያ ቢተው ጀርባውን ሰጥቶ ጥቁር ሰሌዳ እየወለወለ ነበር። መስረቅ አልመሰለኝም። ሰኞ እመልሰዋለሁ። በማግስቱ ቅዳሜ አክስቴ ገበያ ስትወጣ ከፍቼ ግፍን ፈለግኩ። ሥዕል የለውም። አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ ግፍ ማለት በደል ነው ትላለች። በደል የሚለውን ፈልጌ አገኘሁ። በደል ማለት ግፍ ነው ይላል። እንደገና ወደ ግፍ ተመለስኩ። አክስቴ ከገበያ እስክትመጣ ሁለት ገጽ መካከል ስመላለስ ዋልኩ። በመጨረሻ ተናደድኩና መጽሐፉን ባዘቶው ቅርጫት ውስጥ፣ ለመፈተል ከተነደፈው ጥጥ ሥር ቀበርኩት።

ሰኞ ጠዋት ልመልሰው ስል ቅርጫቱ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። አክስቴ እሑድ ማታ ለሰኞ የምትፈትለውን ጥጥ ልታወጣ ገብታ አግኝታዋለች። ማንበብ አትችልም። መጽሐፉ እንደ ድርሳን ወፍራም ነው፤ ጠርዙም ቀይ ነው። በዚያ ላይ ተደብቆ ነው ያገኘችው። አውጥታ፣ አቧራውን አራግፋ፣ ከራስጌዋ ከተሰቀለው የቅዱሳን ሥዕል ሥር አስቀምጣዋለች። «ምነው ልጄ፣ ድርሳን ጥጥ ውስጥ ይቀበራል?» አለችኝ። «ከየት ያመጣሽው ነው?» እውነቱን ለመናገር ጊዜው ያ ነበር። «አባባ ነው የላከልኝ» አልኩ። «ድርሳነ ማን ነው?» አለች። አፌ ላይ የመጣልኝ ሚካኤል ነው። በማግስቱ ነጭ የሸማ ጨርቅ ቆርጣ ለመጽሐፉ ልብስ ሰፋችለት። በየጠዋቱ ፊቷን ሳትታጠብ አትነካውም። ታጥባ፣ ተሳልማ፣ ከዚያ ነው እንዝርቷን የምታነሳ።

ያን ሰኞ ትምህርት ቤት ስደርስ መጻሕፍቱ ሲቆጠሩ አገኘሁ። ከወረዳ የሚመጣ ሰው አለ ተብሎ ነው። ቀትር ላይ መዝገበ ቃላቱ መጥፋቱ ታወቀ። ቁልፉ የነበረው አያ ቢተው ዘንድ ብቻ ነው። ከዚያ በፊትም የጠመኔ ካርቶን ጠፍቶ ነበር አሉ። ዳይሬክተሩ ማንንም ሌባ አላለም፤ አያ ቢተው የኮንትራት ሠራተኛ ነበርና በወሩ መጨረሻ ኮንትራቱ አልታደሰለትም። የቀረውን ሰው ጨረሰው። በሁለት ሳምንት ውስጥ አያ ቢተው «መጽሐፍ የሸጠው ዘበኛ» ሆነ። ልጆች እማማ እናኑ በር ላይ እያሉ ይህንኑ በዜማ ያወርዱት ጀመር። እሳቸውም ቆሏቸውን ሸፍነው «ልጄ የሰው ነገር አይነካም» ይላሉ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ አንድ በአንድ። ከዚያ አንድ ቀን እማማ እናኑ መምጣታቸውን ተዉ።

እኔስ? እኔ ነገ እናገራለሁ እያልኩ አድር ነበር። አስር ዓመት የሞላው ሰው ነገን በጣም ያምነዋል። በዚያ ላይ መጽሐፉ በየቀኑ እየከበደ ሄደ። በመጋቢት ሚካኤል አክስቴ ሦስት ጎረቤቶቿን ጠርታ «ይቺ ልጅ ድርሳን ታንብብልን» አለች። ቢቸና ቄስ ትምህርት ቤት ትንሽ ቆጥሬ ስለነበር ዜማውን አውቀዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን የሚሸቱ ቃላት ያሉበት ገጽ ፈልጌ መቅሠፍት፣ መቅረዝ እያልኩ ጀመርኩ። ትርጉሙን እየጎተትኩ፣ ድምፄን እያንቀጠቀጥኩ ሄጄ ሄጄ መቅኒ ላይ ደረስኩ። መቅኒ በአጥንት ውስጥ የሚገኝ ነው ብዬ በዜማ ስጨርስ አንደኛዋ ባልቴት ራሳቸውን ነቅንቀው «እውነት ነው፤ እሱ ያላወቀው ምን አለ» አሉ። ሦስቱም አሜን አሉ። አክስቴ በኩራት አየችኝ። ያን ዕለት ማታ እራት አልበላ አለኝ።

እማማ እናኑ የሞቱት ከፋሲካ በኋላ ነው። ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። አያ ቢተው ነበር፤ ብቻውን። እንዲህ ያለ ቀን ሐዘንተኛ ራሱ አይመጣም፤ ሰው ይልካል። የሚልከው ሰው አልነበረውም። ከደጃፉ ቆሞ «እትዬ ማንጠግቦሽ፣ እናቴ አረፈች» አለ። ዓይኑ ደረቅ ነው። አክስቴ ነጠላዋን ደረበች፤ አስገባችው። ገና ሲገባ ራስጌ ላይ ያለውን ነጭ ልብስ የለበሰውን መጽሐፍ አየና ጫማውን አውልቆ ሄደ፤ ግንባሩን አስነክቶ ተሳለመው። እኔ መደቡ ላይ ተቀምጬ አየሁት። ከዚያ ዞር ብሎ «የቢቸናዋ፣ ድርሳን ታነቢያለሽ አሉ። ለእናቴም አንብቢላት» አለኝ። እሺ አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

አክስቴ እንደ ልማዷ ልትጠይቀው እንዝርቷን አነሳች። እሱ አላስጀመራትም።

«እትዬ፣ ስለ እናቴ ያሻዎትን ይበሉ» አላት። «ብቻ አንዲት ቃል እንዲሉልኝ ነው። ግፍ ይበሉልኝ። ሌባ የወለደች ተብላ ነው የሞተችው። እኔ ብናገር ማንም አይሰማኝም። እርስዎ ካሉት ሰው ይሰማል።»

«አያስለቅስህም እንዴ ሐዘንህ?» አለችው።

«አልመጣልኝም» አለ። «ከሌሊት ጀምሮ እሞክራለሁ። ሳያት ያ ነገር ይመጣብኛል። 'ልጄ የሰው ነገር አይነካም' ስትል ነው የምትታየኝ። ማልቀስም አቃተኝ።»

አክስቴ እንዝርቷን መልሳ አስቀመጠች። «ጠይቄ ነው የምልህ» አለችው። «ያለዚያ አልልም፤ ታውቀኛለህ።» እሱም አውቃለሁ ብሎ ድንኳኑን ተሸክሞ ወጣ። ለእናቱ ድንኳን ራሱ ነው የተከለው።

ረፋድ ላይ እጄን ይዛኝ ዳይሬክተሩ ቤት ሄድን። በረንዳ ላይ ሬዲዮ ፈትቶ ይጠግናል። ወንበር ሰጣት፤ አልተቀመጠችም።

«የቢተው እናት ቀብር ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለችው። «ልጁ አንድ ቃል እንድልለት ጠይቆኛል። ቃሉ አንተ ላይ ነው የሚያርፈው። ከማለቴ በፊት ልስማህ ብዬ መጣሁ።»

«ምን የሚል ቃል ነው እትዬ?»

«ግፍ።»

መፍቻውን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አሁንም ሳስበው ክፉ ሰው አይመስለኝም። «ይከብዳል» አለ። «እኔ ሌባ ብዬ አልጻፍኩበትም። ቁልፉ እሱ ዘንድ ብቻ ነበር፤ መጽሐፉ ጠፋ። እኔም የምጠየቅበት ሰው ነኝ። ምን ላድርግ ይላሉ?»

«ሌባ አላልከውም» አለች አክስቴ። «ሌላው እንዲለው ግን ተውከው።»

እሱም አንገቱን ደፋ። «መጽሐፉ ቢገኝ» አለ፣ «ዛሬም ይሁን ነገ፣ ሰው በተሰበሰበበት ቆሜ ስሙን እመልሳለሁ። እውነቴን ነው። ግን የት ሄደ? ይህን ይንገሩኝ።»

ከአክስቴ ቀሚስ ጀርባ ቆሜያለሁ። ስም ማቀበል የለመድኩባት ቦታ ናት። አንዴ ጎተት ባደርጋት ይበቃ ነበር። እጄ አልተንቀሳቀሰም።

ስንመለስ መንገዱን አጋምሰን «አልልም» አለች፤ ለራሷ ነው የምትናገረው። «መልስ አለው። መጽሐፉ የት እንደሄደ ሳላውቅ ያን ቃል ሰው ላይ አልጥልም።» ትንሽ ሄድ ብላ ደግሞ «እሷን ከቀበረ በኋላ ቢተውን የሚያምነው ማን ይቀራል?» አለች። ቤት ደርሳ ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች። እኔም ነጠላዬን ላነሳ ስል «አንቺ ቅሪ» አለችኝ። «ሴትየዋ ያላት አንድ ልጅ ነው። አንድ ስም አይጠፋኝም።»

ቤቱ ውስጥ ከመጽሐፉ ጋር ብቻችንን ቀረን። ያሰብኩትን ሁሉ ልናገር፤ ያኔ ለማንም አልተናገርኩትም። መጀመሪያ ያሰብኩት ሽንት ቤት ልጨምረው ነው። ማንም አያገኘውም፤ አክስቴን ድርሳኑን አባባ መልሶ ወሰደው እላታለሁ። በእውነት ተነሥቼ ይዤው እስከ ጓሮ በር ሄድኩ። በሩ ላይ ስቆም የጊዮርጊስ ደወል ተሰማ፤ እማማ እናኑ ወደ መቃብር እየወረዱ ነው። ቆሎ ሲሰፍሩልኝ የሚጨምሩት ጭብጥ ትዝ አለኝ። ለኔ ከሌላው ልጅ ይበልጥ ይጨምሩልኝ ነበር፤ ቢተው የእኔን ነገር ነግሯቸው ይሆናል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሽንት ቤት የሚለው ሐሳብ አስጠላኝ። መጽሐፉን ከነልብሱ ደረቴ ላይ ታቅፌ በዋናው በር ወጣሁ።

አያ ቢተው ደጅ ስደርስ ሰው ከቀብር ተመልሶ ድንኳኑን ሞልቶታል። የተሰበሰበው ለእማማ እናኑ ብቻ አይደለም፤ አክስቴ ምን ትል ይሆን ብሎ የመጣው ይበዛል። አክስቴ መሀል ቆማ ጀምራለች።

እናት ዓለም ባለአንድ ልጅ፣
ማን ቀረላት ለዚህ ደጅ።

ሴቶቹ ያለቅሳሉ። አያ ቢተው ከፊት ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያያል። ገባሁ። ያላሰብኩት ነገር የሆነው ያን ጊዜ ነው። በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ መጽሐፍ የታቀፈች ልጅ ሲያዩ ሰዎች ከመቀመጫቸው ተነሡ። መንገድ ከፈቱልኝ። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ተሳለመችው፤ ቀጥሎ ባሏ፤ ቀጥሎ ያለፍኩበት ሁሉ። «እለፊ ልጄ፣ እለፊ» ይሉኛል። ጥግ ላይ የነበሩ አንድ ቄስ እንኳ ብድግ አሉ። ሁለት ወር ሙሉ አያ ቢተውን ሌባ ያለ ሰፈር፣ ያን መጽሐፍ በየተራ እየተሳለመ አሳለፈኝ። ፊቴ እሳት ሆነ። አፈርኩ፤ ከዚያ ወዲህም እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ዳይሬክተሩ ከወንዶቹ መካከል ነበር። ፊቱ ስቆም እሱም ሊሳለም ጎንበስ አለ። ጨርቁን ገለጥኩት። ቀዩን ጠርዝ አየ። ሽፋኑን ገልጦ የትምህርት ቤቱን ማኅተም አየ። ከዚያ እኔን አየ።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት» አልኩ። «አያ ቢተው አላየኝም።»

ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ቢሆንም ሁሉም ሰማ። አክስቴ ማውረዷን አቆመች። ከቆመችበት መጣችና ልብሱ የወለቀውን መጽሐፍ አየችው። የሰፋችው ጨርቅ እጄ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ድርሳኑ ነው?» አለችኝ።

«ድርሳን አይደለም እቴቴ። የቃል መጽሐፍ ነው። የትምህርት ቤቱ ነው።»

«ቢተው የተባረረበት?»

«አዎ።»

አልተቆጣችኝም። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች፤ አልቃሽ እንዲህ የምታደርገው የራሷ ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ወደ መሀል ተመለሰች። ሰው ሁሉ አሁን ቃሉን ትለዋለች ብሎ ዳይሬክተሩን ያያል። እሷ ዳይሬክተሩን አላየችም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ዝግ ያለ ድምፅ አወረደች።

ግፍ ከሩቅ መጣ ብዬ ደጅ ደጁን ሳይ፣
ከኔው ቤት ኖሯል ለካ ከራስጌዬ ላይ።

ማንም አላለቀሰም። በአክስቴ አፍ ያ ቃል ሰው ላይ ሲያርፍ አይተዋል፤ በገዛ ቤቷ ላይ ሲያርፍ ግን ያን ቀን ብቻ ነው ያዩት። እሷም ግጥሙን ደገመችው፤ ሁለተኛው ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ዳይሬክተሩ መጽሐፉን በሁለት እጁ እንደያዘ ተነሣ። «እንግዲህ ሁላችሁም ስሙኝ» አለ። «ቢተው ሌባ አይደለም። አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳላጣራ ነው ያሰናበትኩት። እናቱም በሕይወት ሳሉ እውነቱን ነበር የሚናገሩት። ልጄ የሰው ነገር አይነካም ያሉት እውነት ነው።»

አያ ቢተው ቀና አለ። ዳይሬክተሩን አየ፣ አክስቴን አየ፤ እኔንም አየኝ፤ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ ዞር ብሎ እናቱ ይተኙበት ወደነበረው ጎጆ በር ተመለከተ። «እማ» አለ። «እማ፣ ሰማሽ?»

ያን ጊዜ ነው እናቱን ማልቀስ የጀመረው።